ወረቀት በሞቴ አይልም

በደብረ ማርቆስ ሳይንስ ያስተማሩን መምህር ጥሩነህ አንድ ሳምንት እንኳ ባልሞላ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። የተቀበሩት አምበር አጠገብ፣ በተወለዱባት መንደር ቤተ ክርስቲያን ነው። ወሬውን የሰማሁት ቁይ፣ ሱቃችን ውስጥ፣ ከማርቆስ በመጣ የአውቶብስ ረዳት አፍ ነው። «እኚያ ቀይ እርሳስ የሚይዙት መምህር አረፉ» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ሜትሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። ገበያተኛዋ «ኧረ ልኪልኝ» እስክትለኝ ድረስ ምን እየሸጥኩ እንደነበር ጠፍቶኝ ነበር።

ለአርባቸው የሚነበበውን ጽሑፍ እኔ እንድጽፍ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ስትጠይቁኝ እምቢ አልኩ። ሌላ ሰው ላካችሁ፣ እምቢ አልኩ። የአገራችን ልማድ ነውና፣ የመጀመሪያ እምቢታ «ለምኑኝ» ማለት ነው ብላችሁ ለሦስተኛ ጊዜ መጣችሁ። የእኔ እምቢታ ግን የእውነት ነበር። ለምናችሁ ያመጣችሁትን እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

ደግነታቸውን ልጀምር፤ እሱን ብደብቅ አላህም አይወድልኝ። እኔ ዘይነባ፣ የይጁቤ የጨውና የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስማር፣ አሥረኛን እንደጨረስኩ አባቴ ሊወስደኝ መጣ። የቁይ ነጋዴ ለልጁ ጠይቆኛል። መምህር ጥሩነህ አባቴን ቢሮ አስገብተው ከራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ሌላ ወንበር አልነበረምና እሳቸው ቆሙ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ለመኑት። አባቴ እስከ ዛሬ ሲያወራው «አስተማሪው ቆሞ እኔን አስቀመጠኝ» ይላል። በመጨረሻ አንድ ቃል ሰጠ፤ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ፣ የኮሌጅ ወረቀት ከመጣላት ትሂድ፣ ካልመጣ ግን የቁዩን ሰው ከዚያ በላይ አላስጠብቅም አለ። መምህር ጥሩነህ ምስክር ሆነው ተለያዩ።

ሲያስተምሩ ያየ ሰው አይረሳቸውም። ከሥጋ ቤት የበግ ልብ ገዝተው በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጡና፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በትንሽ ቢላዋ ይከፍቱልን ነበር። ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣታቸው እያሳዩ፣ እኛን ረስተው ብቻቸውን የሚያወሩበት ጊዜ ነበር። አንድ ሳምንት ትምህርቱ ረቡዕ ላይ ዋለ። ማክሰኞ ገዝተው በጨው አቆይተውት ኖሮ፣ ጎረቤት «መምህሩ በጾም ቀን ሥጋ ይዞ ሲሄድ አየነው» ብሎ ለንስሐ አባታቸው ከሰሳቸው። ቄሱ ሊገሥጹ ክፍል ድረስ መጡ። ከኋላ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ ሲወጡ «ልጄ፣ አንተስ ሐኪም መሆን ነበረብህ» አሏቸው። መምህር ጥሩነህ ቢላዋቸውን ጠረጉ።

ይህ ነገር የት እንደሚያማቸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየዓመቱ የኮሌጅ መምረጫ ቅጹ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ አሥራ ሁለተኞቹን ሰብስበው የራሳቸውን ታሪክ ያወሩ ነበር። ከገበሬ ቤት ወጥተው ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ። ልባቸው የፈለገው ሕክምና ነው። ቅጹ ላይ ግን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ምርጫ የሚሉ መስመሮች አገኙ። እናታቸው ያሳደጓቸው ደግሞ፣ ሰው ቤት ገብተው ወደ ሥጋው እጃቸውን እንዳይሰዱ ነው፤ «ጠግቤያለሁ» እንዲሉ፣ ባለቤቱ «በሞቴ» ብሎ ሲያጎርሳቸው ብቻ እንዲቀበሉ። ሕክምናን አንደኛ ብሎ መጻፍ ስስት መሰላቸው። መምህርነትን አንደኛ፣ እርሻን ሁለተኛ፣ ሕክምናን ሦስተኛ አድርገው ላኩ። አዲስ አበባ ያሉት ትልልቅ ሰዎች ውጤቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ በሞቴ ሕክምናውን ውሰድ» ይሉኛል ብለው ጠበቁ። የመጣላቸው ደብዳቤ፣ አንደኛ ምርጫህ ተፈቅዶልሃል፣ እንኳን ደስ ያለህ ይላል።

«ወረቀት በሞቴ አይልም» ይሉን ነበር ሲጨርሱ፤ «የምትፈልጉትን መጀመሪያ ጻፉ።» እኛ እንስቃለን። እሳቸው በዚህ ሲስቁ አላየሁም። ከዚያ ቀዩን እርሳስ ይዘው የእያንዳንዱን ቅጽ ያዩ ነበር። ይሉኝታ የያዘውን የገበሬ ልጅ ሁሉ እየመረመሩ፣ ልቡን እያወጡ ያስጽፉት ነበር። ከመካከላችሁ ሐኪምም መሐንዲስም የሆናችሁ በዚያ እርሳስ ነው። ስታመሰግኗቸው እሰማለሁ፤ ልክ ናችሁ።

እኔ ግን መምህርነትን አንደኛ ብዬ ጻፍኩ። ይሉኝታ አልነበረም። በሂሳብ የት እንዳለሁ አውቃለሁ፤ ለሕክምና እንደማልበቃ፣ ለመምህርነት ግን እንደምተርፍ አውቃለሁ። ደግሞም መምህር መሆን እፈልግ ነበር። እሳቸውን እያየ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይመኛል? ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገኝ ወረቀቱ ነበር፤ ከየትም ይምጣ፣ ብቻ ይምጣልኝ።

ቢሮ ጠርተውኝ ቅጼን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህርነትን በቀዩ እርሳስ ሰረዙት። እኔ የሠራሁትን ስሕተት አንቺ አትሠሪውም አሉኝ። የምፈልገው እሱኑ ነው አልኳቸው። እኔም እንዲሁ ነበር ያልኩት አሉ። ሂሳቤ እንደማያወጣኝ ነገርኳቸው። ትሕትናሽን ለአክስትሽ ቤት አቆዪው አሉኝ። በመጨረሻ የአባቴን ቃል አነሳሁ፤ ወረቀት ካልመጣ ያ ሰው እየጠበቀኝ እንደሆነ እርስዎም ምስክር ነዎት፣ እባክዎ ጋሼ፣ እምቢ አልኩ። ያን ጊዜ እርሳሱን አስቀመጡ። ሰሙኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ከመሳቢያቸው ንጹሕ ቅጽ አወጡ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ሕክምናን አንደኛ፣ መምህርነትን ሁለተኛ አድርገው ሞሉልኝ።

«መምህርነቱ የትም አይሄድብሽም፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል» አሉኝ። «በሞቴ፣ ፈርሚ።»

ፈረምኩ። እጄን ማንም አልያዘውም፣ ይህን አልክድም። ግን አባቴን ቆመው ያስቀመጡ ሰው በሞቴ ሲሉኝ በምን አፌ እምቢ ልበል? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

መልሱ በክረምት መጣ። ደብዳቤዬ አጭር ነበር። ለሕክምና ውጤቴ አይበቃም፤ መምህርነቱ ደግሞ አንደኛ ብለው በመረጡት ተማሪዎች ሞልቷል። ከእኔ ያነሰ ያመጣ፣ ፊዚክስ እኔው እያስጠናሁት ያለፈ የክፍላችን ልጅ መምህርነት ገባ። ቅጽ በሚታይበት ቀን ታሞ ስለቀረ መምህር ጥሩነህ አላዩለትም ነበር። መምህርነትን አንደኛ ብሎ እንደጻፈው ሄደለት። 

ደብዳቤውን ይዤ ቢሮአቸው ሄድኩ። አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ታዲያ እምቢ አላልሽኝም?»

«ሦስት ጊዜ ብያለሁ፣ ጋሼ።»

 መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር፤ ስወጣም እየጠረጉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በዝናብ ይጁቤ ድረስ መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር። አባቴ በክብር ተቀብሎ ዳቦና ማር አቀረበላቸው፤ አልቀመሱም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንድ ዓመት ይጨመርላት፣ በሚመጣው ዓመት ራሷ ትሞላለች አሉት። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«መምህር፣ ወረቀት ከመጣ ትሂድ ብዬ ነበር፤ ቢመጣ አንድ ቀን አላስቀራትም» አላቸው። «ለቁይም ሰው ቃል ሰጥቻለሁ። ለእርስዎ የሰጠሁትን ጠብቄ የእሱን ልብላ?»

 በመጡበት ዝናብ ተመለሱ። ኒካሁ ከመስከረም በፊት ታሰረ።

ባለቤቴ አይመታኝም፣ አይሰድበኝም፤ ክፉ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ጨርቅ እለካለሁ፣ ሳሙና እሸጣለሁ። የትምህርት ቤት ደወል በሰማሁ ቁጥር ግን ዛሬም የምጮህ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ይህን ቢያደርግብኝ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። እሳቸውን መራገም አልቻልኩም፤ በውስጤ ተቀመጠ።

እሳቸውም ከዚያ ዓመት በኋላ ቅጽ ማየት ተዉ። አድለው ከክፍል ይወጡ ነበር አሉ። በተከታዩ ዓመት ሁለት ጎበዝ የገበሬ ልጆች በይሉኝታ የማይፈልጉትን አንደኛ ብለው ጽፈው፣ እንደ ጻፉት ተሰጣቸው። «መምህሩ ምን ነካቸው?» ስትሉ የነበራችሁ፣ ይኸው አወቃችሁ። የነካኋቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን ቁይ ሱቃችን መጡ። በጣም ከስተው ነበር። ሻይ አቀረብኩ፤ ጠጥቻለሁ አሉ፤ ስለምናቸው ጊዜ ተቀበሉ። ሱቁ በሰው ተሞልቷል፣ ባለቤቴ አጠገቤ ጨርቅ ይቀድዳል። ስኒውን አስቀምጠው «ዘይነባ፣ ይቅር ብለሽኛል?» አሉኝ። ምን በድለውኝ ጋሼ፣ ከልቤ ይቅር ብያለሁ አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ግንባሬን ስመው አውቶብሱ ሳያመልጣቸው ሄዱ።

ለቅሶ የደረስኩ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ሁለቱንም እጆቼን ይዘው መረቁኝ። በመጨረሻዋ ቀን «ዘይነባ እንኳ ይቅር ብላኛለች» እያሉ በሰላም አረፉ አሉኝ። ወይዘሮ የሺ፣ ይህ ሲነበብ እዚያ እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። የቀረውን ባይሰሙት ደስ ይለኛል፤ ግን ተማሪዎቻቸው አስምለው አጻፉኝ።

እንግዲህ ጋሼ፣ አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው። ያን ቀን እውነት አልነገርኩዎትም። ሰው ፊት፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ይቅርታ አይከለከልም፤ እንደ ሻዩ ነው ያቀረብኩልዎ። «እውነትሽን ነው?» ብለው አንዴ ቢደግሙልኝ ኖሮ፣ ባለቤቴም ገበያተኛውም እያየ አልቅሼ እነግርዎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ምናልባት የእውነቱ ይቅርታ ይመጣልኝ ነበር። እርስዎ ግን ደስ ብሎዎት ሄዱ። ለነፍስዎ ዱዓ አደርጋለሁ። እወድዎት ነበር። እነዚህ ሁለቱ እውነት ናቸው፤ ይቅርታው ውሸት ነው። ደህና ይሁኑ ጋሼ። ሦስት ጊዜ እምቢ ስልዎ አላመኑኝም፤ አንድ ጊዜ እሺ ብልዎ አመኑኝ።