«መጣሁ» የማይባልበት ቤት

የእኔን ፎቶ ኮፒ ቤትና የባለዚፗን ልብስ ስፌት የሚለያቸው አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ግድግዳ ከተባለ። ስታስነጥስ ከወንበሬ ሳልነሳ «ይማርሽ» እላታለሁ። ባለዚፗ የተባለችው፣ ሙሉ ቀሚስ የመስፋት ሙያ እያላት ሰፈሩ ከተበላሸ ዚፕ በቀር ምንም ስለማያመጣላት ነው። ከስፌት ቤቱ ጀርባ፣ መጋረጃ በከፈለው ክፍል ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናትየውን ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን።

ከዚያ ቤት የሚወጣ ሰው «መጣሁ» አይልም። ሌላ ቦታ፣ ለአፍታ ወጣ የሚል ሁሉ የሚላት ቃል ናት፤ ገና ሳይሄድ «መጣሁ» ይላል፣ ማንም ውሸታም አይለውም። የባለዚፗ ታናሽ ወንድም አንድ ጠዋት ጥቁር ክር ሊገዛላት «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ እስር ቤት፣ ያልረገጠችው ደጅ የለም። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቿ ሳይቀሩ «እመለሳለሁ» ማለት ለመዱ።

ሌላም የማይነሳ ቃል አለ። አንድ ሰው ተሳስቶ «ወንድምሽ እኮ ጨዋታ ይወድ ነበር» ካለ፣ መቀሷን ታስቀምጥና «ይወዳል» ትለዋለች። ቁጣ የለበትም፤ የተንሻፈፈ ስፌት እንደማቃናት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የወንድሟን ፎቶ ለማባዛት ወደ እኔ ትመጣለች። ዋናው ፎቶ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ስለቀረ የምናባዛው ቅጂውን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የቅጂውን ቅጂ። ፊቱ እየጠቆረ ሄዶ አሁን የቀረው ቅንድብና ጥላ ነው። «ትንሽ አታፈካውም?» ትለኛለች። ሳፈካው አፍንጫው ይጠፋል። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ፊት ባባዛሁት ቁጥር እኔው የምደመስሰው እየመሰለኝ ይቀፈኛል።

ኢንስፔክተሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ በአማርኛ ድምፅ የተሰጠው የወንጀል ድራማ ውስጥ ያለ መርማሪ ነው፤ ድራማው አመሻሹ ላይ በቴሌቪዥን ይታያል። የባለዚፗ ማሽን ፀጥ ካለ ድራማው ጀመረ ማለት ነው። ኢንስፔክተሩ ረጅም ካፖርት የሚለብስ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነው፤ ሥራው የጠፉ ሰዎችን መፈለግ ነው። በእኔ ዓይን ተራ ሰው ነው። እሷን የያዛት ግን አጠያየቁ ነው። ልጅ ከጠፋባት እናት ፊት ቁጭ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅዎ ምን ይወዳል?» ይላታል። «ይወድ ነበር» አይልም። ፖሊስ ጣቢያ እንደዚህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልገጠማትም። የተርጓሚው ደግነት ይሁን ስህተት እንጃ፤ ባለዚፗ ግን ከግድግዳው ወዲያ ሆና ጮክ ብላ ትመልስለታለች፦ «ጨው የበዛበት ነገር ይወዳል።»

ፍቅር ነው አልልም፤ አይደለምም አልልም። የካፖርቱ የግራ እጅጌ አዝራር ላልቷል። «ይሄን ሁሉ ሬሳ የሚያገላብጥ መሥሪያ ቤት አንዲት መርፌ የለውም?» እያለች ትነጫነጫለች። አዝራር ከምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ተመሳሳዩን ፈልጋ ቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጣለታለች። አንድ ቀን ለደንበኛዋ «ትናንት ደክሞት ነው የገባው፤ እህል እንኳ አልቀመሰ» ስትል፣ ሴትዮዋ «እሰይ! መቼ አገባሽ?» ብላ ጥምጥም አለችባት። ባለዚፗ አላስተባበለችም። እኔም «ባልሽ እንዴት አደረ?» እያልኩ ስነካካት፣ «አንተ ባለኮፒ፣ እሱ እንዳንተ የሰው ፊት አያጠቁርም» ትለኛለች። ቀልድ ነው፤ ግን ይወጋል። እማማ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ስለ ኢንስፔክተሩ ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም።

አንድ አመሻሽ ማሽኑ ፀጥ ብሏል። ኢንስፔክተሩና ረዳቱ መኪና ውስጥ ሆነው አንድ ቤት እየጠበቁ ያወራሉ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ከዚያ የመኪናው በር ተከፈተ። «መጣሁ» አለው ኢንስፔክተሩ ረዳቱን።

ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። «አትውጣ!» ብላ ጮኸች። «አትውጣ አልኩህ!» ተኩስ ተከተለ። ቀጥሎ ዛሬም ድረስ ከጆሮዬ ያልወጣው ጩኸት መጣ። «ወንድሜን! ወንድሜን!»

እየሮጥኩ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ኢንስፔክተሩ አስፋልት ላይ ተዘርሯል፤ እጅጌው ላይ ያ አዝራር የለም። ባለዚፗ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ይዛለች። አፌን ሳልከፍት ጡሩንባ ደረሰች፤ ፊት ለፊታችን አትክልት የምትሸጥ፣ ስሟን ድምፅዋ ያወጣላት ሴት ናት። «መርዶው መጣ አይደል?» አለች። «በለቅሶ ቤት ነውር ነው» ብላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ድምፅዋን ለቀቀችው። ከእሷ ኋላ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ገባ፣ ከእሱ ኋላ ያልጨረሰለት ደንበኛው፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ስንት ጊዜ እንባውን ቋጥሮ የሚያለቅስበት ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። እንደሞተ ያላመነ ማንም አልነበረም፣ ከእሷ በቀር።

ባለዚፗ እጄን ያዘችኝ። «ኢንስፔክተሩ ነው እኮ» አለች በቀስታ። «ወንድሜ አይደለም። ንገራቸው እንጂ!»

ልናገር ስል ከኋላ ኮቴን የጎተተኝ ሰው አለ። እማማ መጋረጃውን ገልጠው ወጥተዋል።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «ዝም በል። ያልቅሱለት።»

«እማማ፣ ድራማ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። አልደነቆርኩም።»

ፀጉር አስተካካዩ ዓይኑን እየጠረገ ጠጋ አለ። «እማማ፣ ማን አረዳችሁ?» አላቸው።

«እኔ» አሉ እማማ። እናትን «እንዴት አወቁ?» ብሎ የሚጠይቅ ደፋር አልተገኘም።

ፎቶ ሲፈለግ የተገኘው የእኔው ቅጂ ነው። ጡሩንባ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው፤ ሰውም ከአንድ ቅንድብና ከአንድ ጥላ ፊት ቆሞ ተላቀሰ። እማማ መሃል ቁጭ ብለው፣ በዚያ ቤት ተሰምቶ የማያውቀውን ተናገሩ። «ልጄ ጨው የበዛበት ነገር ይወድ ነበር።»

«ይወዳል» አለች ባለዚፗ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ከእኔ በቀር የሰማት የለም።

ለቅሶው አለፈ። እማማ ከዚያ በኋላ በደንብ መተኛት ጀመሩ፤ ባለዚፗ ግን ከሳች። ጥቁር እንድትለብስ ቢነግሯት «ጥቁር ክር የለኝም» ብላ መለሰች። ማሽኗ ቀኑን ሙሉ ይሮጣል፤ አመሻሹም ላይ አያቆምም። እኔ ያንን ድምፅ ፈራሁት። የማይረባ ቀልዴ እንኳ ናፈቀኝና አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሜ፣ «ባለዚፗ፣ ጣቢያው ድራማውን ከመጀመሪያው ሊደግመው ነው። ባልሽ ሊመጣልሽ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ዚፗን ቀጠለች። የሞተ ሰው ስም ጠርቼ የቀለድኩ ያህል አፈርኩ።

በማግስቱ አመሻሽ ማሽኑ ቀጥ አለ። የኮፒ ማሽኔን አጥፍቼ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ፤ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ኢንስፔክተሩ በሕይወት አለ። አዝራሩም ገና አልወደቀም ይሆናል። አንዲት እናት ታለቅሳለች፤ እሱም እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦ «ልጅዎ ምን ይወዳል?»

ሴትዮዋ ለኢንስፔክተሩ መልሳ ጨረሰች። ሌላ ሰው ማውራት ጀመረ።

«ጨው የበዛበት ነገር» አለች ባለዚፗ። ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ይወድ ነበር» አለችው።