ዳክዬ ኩሬ ውስጥ የወደቀው ፈረሰኛ

ባርኔጣ ሻጭ ነኝ፤ ስሜም ጃቤዝ ቲሊንግ ይባላል። አባቴም ባርኔጣ ሻጭ ነበር። በልጅነቴ የሱቁን ባርኔጣ ሁሉ በእኔ ራስ ላይ ስለለካው ይሁን በሌላ፣ እንጃ፣ የእኔ ጭንቅላት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይሞቃል። ከከተማችን ከዊክስታን በስተጀርባ አንድ ጉብታ አለ። ከሥሩ የጥንቱ ንጉሥ ከነፈረሰኞቹ ተኝቷል፣ አገር የጨነቃት ቀን ይነሣል ይባላል። ሌላው ሰው እዚያ ላይ በጎቹን ያሰማራል። እኔ ግን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየወጣሁ ጆሮዬን መሬቱ ላይ እለጥፍ ነበር። አንድ ቀን የፈረስ ኮቴ ሰማሁ ብዬ እየሮጥኩ ወረድኩ። ባለቤቴ ዶርካስ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችና ጉንዳን አወጣችልኝ።

በእርግጥ ያን ጊዜ ያበድኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። የጥንት ፈረሰኞች ነገር አገሩን ሁሉ እንደ ጉንፋን ይዞት ነበር። ሀብታሞቹ ትናንት ያሠሩትን ቤት የጥንት ምሽግ ያስመስሉታል፤ ሴቶቹ እጅጌው መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ያሰፋሉ፤ ቢራ ጠማቂው ሳይቀር ለሴት ልጁ ከጥንት ተረት ስም አውጥቶላት ልጅቷ እስከ ዛሬ ስሟን አስተካክላ መጻፍ አቅቷታል። ስለዚህ የአገራችን ባለርስት በግቢያቸው ሜዳ ላይ የፈረሰኞች ግጥሚያ እንደሚያደርጉና ፈረስና ጥሩር፣ የብረት የጦር ልብስ፣ ያለው ሁሉ መግባት እንደሚችል ሲያስነግሩ፣ ሁለቱም የሌለኝ እኔ ከሁሉ ቀድሜ ተመዘገብኩ።

ጥሩሩን የሠራልኝ ጎረቤቴ ቆርቆሮ ሠሪው ኢኖክ ስተክሊ ነው። ኢኖክ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ባልዲና ማንቆርቆሪያ ነው። የራስ ቁሬን ሲለካኝ፣ “እጀታ ይኑረው ወይስ ይቅር?” ብሎ ጠየቀኝ። የምሩን ይሁን የቀልዱን እስካሁን አላወቅሁም። ፈረሱን ደግሞ ጠማቂው አዋሰኝ። ብሎሰም የምትባል፣ የቢራ በርሜል ስትጎትት ያረጀች ሰፊ ባዝራ ነበረች።

የግጥሚያው ቀን መለከቱ ሲነፋ፣ ከባለርስቱ የወንድም ልጅ ጋር ፊት ለፊት ቆምን። እሱ ጦሩን አስተካክሎ መጣ። ብሎሰም ግን ሽታ ደረሳት። የቢራው ድንኳን በሜዳው ጥግ ተተክሎ ነበርና፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሄድበት ወደኖረችበት ነገር አቀናች። ልጓሙን ብጎትት፣ ብለምናት፣ በንጉሡ ስም ባዛት አልሰማችኝም። በድንኳኑና በእኛ መካከል የዳክዬ ኩሬ አለ። ዳር ስትደርስ ውኃ ጠማት መሰለኝ ድንገት ቆመች። እኔ አልቆምኩም።

የራስ ቁሬ ውኃ ሞልቶ፣ አንዲት ዳክዬ ደረቴ ላይ ቆማ፣ ኢኖክ እግሬን ይዞ አወጣኝ። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ግን ደንቡ እያንዳንዱ ፈረሰኛ ከግጥሚያው በኋላ በመረጣት እመቤት ፊት ተንበርክኮ መሐላ እንዲገባ ያዛል፤ እኔም መሐላዬን በባርኔጣዎቹ ፊት ለብዙ ሳምንት ተለማምጄዋለሁ። ስለዚህ ውኃ እያንጠባጠብኩ ዶርካስ ወደተቀመጠችበት ሄጄ ተንበረከክሁ። እስትንፋሴ እስካለ ጠበቃዋ እንደምሆን፣ ሀብትም ሆነ ድህነት ከጎኗ እንደማይነጥለኝ፣ አንድም ቃል ሳልዘል እስከ መጨረሻው አልኩት። ዶርካስ የአይብ ቂጣዋን ከጭኗ አስቀምጣ መሀረቧን ሰጠችኝ።

“ጨረስክ?” አለችኝ ቀስ ብላ።

“ጨረስኩ።”

“እንግዲያው ቤት እንሂድ፣ ሳል ይይዝሃል።”

መነሣት ግን አልቻልኩም። ጉልበቱ ላይ ያለው ቆርቆሮ ተጣሞ ስለነበር ሰዎች ለሁለት ተሸክመው ወሰዱኝ።

በተከታዩ ዓመት ከለንደን በየወሩ በስስ ጥራዝ የሚወጣ አዲስ ልብ ወለድ ዝናው ደረሰን። ትናንሽ ከተሞችንና የጥንት ወሬ አምላኪዎቻቸውን የሚሸሙጥ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው የደራሲ ስም የወንድ ነበር። ድምፄ ጎላ ያለ ስለሆነ መጠጥ ቤት ለተሰበሰበው ሰው የማነበው እኔ ሆንኩ። ባምፍሪ የሚባል ሻማ ሻጭ አለበት፤ ራሱን ፈረሰኛ አድርጎ የሚያስብ፣ የራስ ቁሩን አድርጎ የሚተኛ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። “እንዲህ ያለ ጅል ደግሞ በየትኛው አገር ይገኛል?” ብዬ ጠየቅሁ። ኢኖክ የፖም ጠጁ ውስጥ የወደቀ ነገር እንዳለ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያያል።

ሦስተኛው ጥራዝ ሲመጣ፣ ሻማ ሻጩ ጉብታ ላይ ወጥቶ ጆሮውን መሬት ላይ ለጠፈ። ሚስቱም ከጆሮው ጉንዳን አወጣች።

ጥራዙን ዝቅ አደረግሁ።

“ቀጥል እንጂ፣” አለ ኢኖክ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ቀጠልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ኩሬው ውስጥ እስክወድቅ ድረስ ራሴ በራሴ ድምፅ አነበብኩት።

ቤት ስገባ ዶርካስ ፊቴን አይታ ሁሉንም ነገረችኝ። የጉንዳኑን ነገር ሻይ ሲጠጡ ለወይዘሮ ሆነር ፕሩዊት፣ ለሟቹ ሐኪማችን ባለቤት አጫውታታለች። ሴትዮዋ በወንድ ስም የምትጽፍ ደራሲ መሆኗን ግን አላወቀችም። እኔም አላወቅሁም፤ የማውቃት ጥቁር ባርኔጣ ስትገዛ ነው። በማግሥቱ ደህናውን ባርኔጣዬን አድርጌ ወደ ቤቷ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ያሰብኩት፣ አንድ ፈረሰኛ ከመበለት ጋር እንዴት ይጋጠማል የሚለውን ነበር።

ወይዘሮ ፕሩዊት በወረቀት በተሞላ ጠረጴዛ ላይ ድመቷን ወተት ታጠጣለች።

“አቶ ቲሊንግ፣ ዘገዩ፣” አለችኝ። “ሁለተኛው ጥራዝ ላይ ተቆጥተው ይመጣሉ ብዬ ነበር።”

“ሁለተኛው ላይ እየሳቅሁ ነበር።”

እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔም ሳልፈልግ ፈገግ አልኩ፤ ቁጣዬ ሲሾልክ ተሰማኝ። ቢሆንም የመጣሁበት ነገር ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ሻማ ሻጩ ሲወድቅ ሚስቱ አፍራ ትሸሻለች።

“እኔን እንዳሻዎ ያድርጉኝ። ዶርካስ ግን አልሸሸችም። እርስዎም አይተዋል።”

የድመቷን ሳህን ወደ ጎን ገፋች። “ጽፌው ነበር፣” አለች በመጨረሻ። “መሐላውንም፣ መሀረቡንም። እዚያ ላይ ስደርስ አላስቅ አለኝ። አንባቢ ደግሞ የሚፈልገኝ ለሳቅ ነው።”

“እንግዲያው አንድ ጊዜ አያስቁ።”

የመጨረሻው ጥራዝ በወጣ ጊዜ መጠጥ ቤት ገብታ የማታውቀዋ ዶርካስ መጥታ በር አጠገብ ተቀመጠች። የሻማ ሻጩ ሚስት ወደ ኩሬው ዳር ተመልሳ የባሏን መሐላ እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ መሀረቧንም ሰጠችው። ድምፄ ሁለቴ ተሰናከለብኝ። ስጨርስ የሳቀ ሰው አልነበረም።

“የዚህ ወሩ ደከም ያለ ነው፣” አለ ኢኖክ።

ዶርካስ በመንገድ ላይ ክንዴን ይዛ፣ ሴትዮዋ መሀረቧን ሰማያዊ ብላ መጻፏ እንዳናደዳት ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች ሱቄ በር ላይ ቆመው ሲንሾካሾኩ አያለሁ። አንዳንዶቹ ኩሬው የት ነው ይሉኛል፤ አሳያቸዋለሁ። ባለርስቱ የፈረሰኛውን ነገር ትተው አሁን አበባ ያሳድጋሉ። ወይዘሮ ፕሩዊት ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምራለች፤ ከተማው ሁሉ ስትመጣ መንገድ ይቀይራል። እኔ ግን በደህና ልብ ሻይ እየጠጣሁ ከእሷ ጋር እጫወታለሁ፣ ከእኔ ጋር ያለውን ጨርሳለችና። ባለፈው ሳምንት ኢኖክ ሱቄ መጥቶ የማይፈልገውን ባርኔጣ ሲያገላብጥ ቆየና፣ ሴትዮዋ ስለ ቆርቆሮ ሠሪዎች ያለችው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ።

“እጀታ ስለሚባል ነገር ጠይቃኝ ነበር፣” አልኩት።