መቀነቴ ያቀፈው እንቁላል

አንገተ መላጣዋን ዶሮ እናቴ የሞተች ጊዜ ነው ከቤቷ ያመጣኋት። ታቅፋ ልትፈለፍል ጥቂት ሲቀራት፣ ጥሬ ልትለቅም ወርዳ ሳለ ቀበሮ አፈፍ አድርጎ ይዟት ሄደ። እየጮኽኩ ተከተልኩት፤ የቀረልኝ ላባ ብቻ። እንቁላሎቹ ግን ገና አልበረዱም። እነሱ ከበረዱ የእናቴ ዶሮ ዘር አለቀ ማለት ነው።

ከወንዙ ማዶ ላለችው እህቴ ደወልኩላት።

«የኔዋም ታቅፋለች፤ ሳይበርዱ ቶሎ አምጫቸው!» አለችኝ።

እንቁላሎቹን በነጠላ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አደረግሁና በመቀነት አሰርኳቸው፤ ጋቢም ደረብኩበት። በቅርጫት አትወስጃቸውም ወይ የሚለኝ ሰው የጋይንትን ንፋስ አያውቀውም!

አንድ እጄን ከሥር ደግፌ ዳገቱን ቀስ እያልኩ ስወጣ፣ የነፍስ አባታችን ከፊቴ ድቅን አሉ። ጎንበስ ብሎ መስቀል መሳለም ወግ ነው፤ እኔ ጎንበስ ካልኩ ደግሞ ጉድ ፈላ! ደርቄ ቆምኩ። እሳቸው አንዴ ሆዴን፣ አንዴ ከሻሼ ሥር ያፈተለከውን ሽበቴን አዩ።

«ተይ ልጄ፣ አትጎንበሺ!» አሉና መስቀላቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ።»

«አሜን!» አለ አፌ። ምርቃት ሰምቶ አሜን የማይል አፍ የት አለ? ላስረዳ ብል ጋቢዬን ልገልጥ ነው፤ ንፋሱ ደግሞ ያፏጫል። ሳቄን ውጬ መንገዴን ቀጠልኩ።

እህቴ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እንቁላሎቹን ከዶሮዋ ሥር ስናስገባቸው ሙቀታቸው እንዳለ ነው።

ወሬ ግን እግር አለው። ባሌ ከአርብ ገበያ ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ።

«የልጅ ልጅ ካየን በኋላ! ለእኔ ሳትነግሪኝ አገሩ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል?»

ነገሩን ሳጫውተው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ልቤ ግን ከእንቁላሎቹ ጋር እንደተሰቀለ ነበር።

በማግስቱ እህቴ ደወለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!»

«ተፈለፈሉ?»

«ተፈለፈሉ! አንዷማ አንገቷ ላይ ላባ የሚባል የላትም።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እንዴት ደስ አለኝ! ደጅ ወጥቼ፣ ሴት ልጅ እንደተወለደበት ቤት ሦስት ጊዜ እልል አልኩ።

ወዲያው የጎረቤት ሴቶች የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው እየሮጡ መጡ። ምን ልበላቸው?

«ግቡ፣» አልኳቸው፣ «የእናቴ ዘር ተወልዷል።»

ገንፎውንም አገንፍተን በላን።