ያለ መጫኛ የሚበረው ሰውዬ

የልጅ ልጄ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቅና፣ «አባባ፣ ያ የእርስዎ ጊዜ የፊልም ጀግና እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ!» አለችኝ። ካባውን ሳይ ልቤ ዘለለ፤ ጉልበቴ ግን አብሮት አልዘለለም።

ልጅ እያለሁ ቡሬ ላይ ፊልም የሚመጣው በመኪና ተጭኖ ነበር። ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ይወጠራል፣ ጄነሬተሩ ያጓራል፣ የናፍጣው ሽታ ከተጠበሰ በቆሎ ጋር ይደባለቃል። ባለ ካባው ብድግ ሲል ወገቡ ላይ የታሰረው ሽቦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ ቅር አላለንም። እንዲያውም ምስጢሩ ገባን፤ ለመብረር ለካ ጠንካራ ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው!

በማግስቱ ጓደኛዬ አያሌው የአባቱን የአህያ መጫኛ ገመድ ይዞ መጣ። ከሁሉም ከሲታው እኔ ስለነበርኩ ጀግንነቱ ለእኔ ደረሰ። የእናቴን ነጠላ አንገቴ ላይ ቋጠርኩ፤ ልጆቹ መጫኛውን በብብቴ አሳልፈው፣ በዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ጥለው ጎተቱኝ። አቤት ደስታ! ወዲያው አስተማሪያችን መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከች አሉ። ልጁ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። አያሌው ብቻ ቀረ። ቢለቀኝ እከሰከሳለሁ፤ ስለዚህ መቋሚያው ጀርባው ላይ እያረፈ ቀስ አድርጎ አወረደኝ።

የአሁኑ ሰውዬ ደመና ይሰነጥቃል፤ የቅንድቡ ፀጉር ሳይቀር ይታያል። ወጣቶቹ ከቪዲዮው ሥር «ያብዳል!» «ከድሮው በስንት ጣዕሙ!» እያሉ ጽፈዋል። እኔ ሽማግሌው መነጽሬን አስተካክዬ ወገብ ወገቡን አያለሁ።

«ምን እየፈለጉ ነው አባባ?»

«ሽቦውን።»

«በኮምፒውተር እኮ ነው! የሚይዘው የለም።»

ይህ ነገር የከፋው እኔን ብቻ ይሆን ብዬ፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ በሕይወት ለቀረልኝ ለቡሬው አያሌው አሁን ከምኖርበት ከፍኖተ ሰላም ደወልኩ።

«አያሌው፣ ያ ሰውዬ ተመልሶ መጣልህ፤ አየኸው?»

«ልጆቹ አሳዩኝ። ምኑን ልውደደው? እንዲያው ብቻውን!»

«ቅዳሜ ልምጣ?»

«ና እንጂ! ብቻ ጎትተኝ እንዳትል፤ አንተም ገዝፈሃል፣ እኔም ወገቤን ይዤ ነው እምሄደው።»

ያኔ ከዋርካው ለመውረድ አያሌው ብቻውን በቅቶኝ ነበር። ቅዳሜ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ለመውጣት ግን የልጅ ልጄ ከኋላ ገፋችኝ፣ ረዳቱ ከፊት ጎተተኝ፣ ተሳፋሪውም «አይዞዎት!» አለኝ።