በር ላይ የቆመው ልብስ አጣቢ

ስለ ክርስቶስ የተገደሉት ወገኖቻችን የየራሳቸው ቀን አላቸው። ቀናቸው ሲደርስ ከከተማው ቅጥር ውጭ ወዳለው መቃብራቸው እንወጣለን፤ ስማቸው ይነበባል፣ ድሆች ይበላሉ። ይህ ተገቢ ነው። በር ላይ ስለቆሙት ግን የጻፈ ሰው አላየሁም። እኔ ለጸሎት በምንሰበሰብበት ቤት በረኛ ነበርኩ። ከማንም ይልቅ አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ስለ ቪታሊዮ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ቪታሊዮ ከቲቤር ወንዝ ማዶ፣ በእኛ ሰፈር፣ ልብስ አጣቢ ነበር። የሮም ሀብታሞች ልብስ ነጭ የሚሆነው በየመንገዱ ጥግ በማሰሮ በሚጠራቀም ሽንት ነው። ሽንቱ ይከርማል፣ ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል፣ ሰው ይገባበትና ልብሱን ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይረግጠዋል። ቪታሊዮ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲረግጥ ኖረ። ከጉልበቱ በታች ቆዳው ቀልቶ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ሽታውም ቢታጠቡት አይለቅም። በሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሰዎች ሲያዩት ይሸሹለታል። እሱ ግን ለመቶ አለቃ እንኳ እንዲህ ቦታ አይለቀቅለትም እያለ ይስቅ ነበር።

ቄሳሩ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ፣ ሚስቱ ዶናታ ቢገድሉኝም አላደርገውም ብላ ቆረጠች። ልብስ በሚሰጣበት ሰገነት ላይ ደግሞ እኔና ሌሎች ሸሽተን የመጣን ሰዎች ተደብቀን ነበር። ወታደሮች ቤት ለቤት እየጠየቁ ሲቃረቡ፣ ቪታሊዮ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ወጣ። ወደ ቤተ ጣዖቱ ሄዶ ዕጣን ቆንጥሮ እሳቱ ላይ ጣለ፣ ከመሥዋዕቱ ሥጋም ቀመሰ። ሚስቴ ታማለች፣ ስለ ቤቴ ሁሉ የሠዋሁት እኔ ነኝ አላቸው። ተቀበሉት። የእሱን በር ያንኳኳ ወታደር አልነበረም።

ሲመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና የሆነውን ለዶናታ ነገራት። አልተቆጣችም፤ ራት አቀረበችለት። እሱ ግን መብላት አቃተው። አፉን ቢያጥብ ቢያጥብ የዚያ ሥጋ ጣዕም አልጠፋ አለው።

ቄሳሩ በጦርነት ሞተና እኛም በዚያው ሰፈር ባለ አንድ ቤት እንደገና መሰብሰብ ጀመርን። ያን ጊዜ የማኅበራችን ሽማግሌዎች ሥርዓት አወጡ። ያልሠዋ ይገባል። የሠዋ ግን ደጅ ቆሞ የሚገቡትን ጸልዩልኝ እያለ ይለምናል፤ ቁርባን የሚቀበለውም በሞት አፋፍ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ዶናታ አልሠዋችም፤ ስለዚህ ትገባለች። እኛ የተደበቅነውም እንገባለን። ደጅ የሚቀረው ቪታሊዮ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ዶናታ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ነጠላ ጫማዋን እንደማስተካከል ብላ ቆመች፤ ከዚያም ከባሏ ጎን ግድግዳውን ተደገፈች። እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ፣

«ግቢ» አላት።

«ካንተ ጋር እቆማለሁ።»

«አንቺም ውጭ ከቆምሽ እኔ ለምን ሄድኩ?»

ገባች። እኔም በሩን መለስኩት፤ እሱ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ።

ስንት እሑድ እንደቆመ አልቆጠርኩም። ሳምንቱን ሙሉ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ይውላል፣ በሰንበት ደግሞ ደጅ ይቆማል። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በሕይወቱ ሳለ ገብቶ፣ ከወንድሞች ጋር ተቀምጦ ቁርባኑን መቀበል። «ተቀምጬ» የምትለዋን ቃል ሳይረግጣት አያልፍም ነበር። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዶናታ የተነበበውን ልትነግረው ትጀምራለች፤ ስትስት ያርማታል። የበሩ ሳንቃ ስስ ነበር።

ከሚገቡት ሁሉ ለመለመን የሚከብደው ዳቦ ጋጋሪው ጋውዲዮስ ነው። ጋውዲዮስ አልሠዋም ብሎ ታስሮ በሰንሰለት ግራ እጁ ደርቆ አልታጠፍ ያለው ሰው ነው፤ ወንድሙም እዚያው እስር ቤት ሞቶበታል። ጸልይልኝ ሲባል አይመልስም። አንድ ቀን ብቻ ቆም ብሎ አፍንጫውን ያዘና፣

«ሽታህ ቀድሞህ ገብቷል፤ የቀረኸው አንተ ነህ» አለው።

«እንግዲያው ግማሼ ገብቷል ማለት ነው» አለ ቪታሊዮ።

ጋውዲዮስ ሳይስቅ አለፈ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። በሰፈራችን ሬሳ የሚያነሳ ጠፋ። ቪታሊዮም ወደቀ፤ ዓይኑ ደም ለበሰ፣ ውኃ እንኳ አልረጋለት አለ። ዶናታ ቄስ ሂላሮስን አስጠራች። ቄሱ ከቀብር ወደ ቀብር ሲሄዱ የሰነበቱ ናቸው፤ ደረጃውን የወጡት በእኔ ትከሻ ተደግፈው ነው። በሽተኛውን አይተው ጊዜ የለም አሉ። እጃቸውን ጭነው የኃጢአቱን ይቅርታ ነገሩት፤ ቁርባኑንም በወይን አርሰው በአፉ አደረጉለት። እኔ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር ተነጋግሬ ቦታ አስያዝኩ። ዶናታ መግነዙን አጠበች።

በማግስቱ ቪታሊዮ የምስር ሾርባ ጠየቀ።

ደስ አለን፤ ደስታችን ግን ብዙ አልዘለቀም። ቁርባን የተሰጠው እንደሚሞት ሰው ነው፤ እሱ ግን አልሞተም። ታዲያ አሁን የውስጥ ሰው ነው ወይስ የደጅ? ጋውዲዮስ ቄሱ ዘንድ ሄዶ የተናገረውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«አባቴ፣ እኔ ሰውየው ለምን ዳነ አላልኩም። ደጅ የቆሙት ሌሎቹ ግን ጥፋታቸው ምንድን ነው? አለመታመማቸው ነው?»

ቄሱም ሽማግሌዎች እስኪሰበሰቡ ጠብቅ አሉት። ከወረርሽኙ የተረፉት ሽማግሌዎች ተበታትነው ነበርና ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደባቸው። ያን ሁሉ ጊዜ ቪታሊዮ ገና በቅጡ ሳያገግም፣ በትር ተደግፎ የድሮ ቦታው ላይ ቆመ። ማንም አላዘዘውም። ዶናታ በዚያ ሰሞን ስትገባ ወደ እሱ አትመለከትም ነበር፤ ካየችው እግሯ እምቢ እንደሚላት ነገረችኝ።

በመጨረሻ ቄስ ሂላሮስ በአንድ እሑድ ራሳቸው ደጃፉ ድረስ ወጡ።

«የተሰጠህን መልሰን አንወስድም» አሉት። «ስላልሞትክ አንቀጣህም። ግባ።»

ቪታሊዮ በግድግዳው ጥግ አብረውት የቆሙትን አየ።

«እነዚህስ?»

«እነሱ ይቆያሉ።»

ሳይንቀሳቀስ ቆየ። የማይገባ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን በትሩን ለእኔ ሰጠኝና ገባ።

በወንዶች በኩል ክፍት የነበረው ቦታ አንድ ነው፤ የጋውዲዮስ ጎን። ጋውዲዮስ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ፈቀቅ አለለት። ቪታሊዮ ተቀመጠ። ምንባቡ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይሄድ የቪታሊዮ ራስ ወደ ፊት አዘነበለ፣ ቀጥሎም በጋውዲዮስ ትከሻ ላይ ወደቀ። ተኛ። ማንኮራፋቱ እኔ ዘንድ ይሰማ ነበር። ዶናታ ከሴቶች በኩል ቀስቅሰው እያለች በዓይኗ ለመነችኝ። ልሄድ ስል ጋውዲዮስ ያችን የማትታጠፍ እጁን አነሳብኝ፤ ተወው ማለቱ ነው። ምንባቡ አልቆ፣ ስብከቱ አልቆ፣ ጸሎቱም አልቆ፣ ትከሻውን ሳያነቃንቅ ቆየ። ቁርባኑ ሲደርስ ወደ ጆሮው አጎንብሶ፣

«ተነስ ወንድሜ፤ ደርሷል» አለው።

ስንወጣ ምንባቡን እንዴት አገኘኸው ብዬ ጠየቅኩት።

«ደጅ ይሻላል፤ ውስጥ አይሰማም» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ምንባቡ እስኪያልቅ ደጅ፣ ከቀሩት ጋር ይቆም ነበር። እነሱ ከቁርባን በፊት ሲሰናበቱ አንድ በአንድ ይሸኛቸዋል፤ ከዚያ ገብቶ ጋውዲዮስ የሚይዝለት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ደክሞ እስኪሞት ድረስ እንዲህ አደረገ። የቀበርነውም ያኔ በያዝኩለት ቦታ ነው። የእሱን ቀን የሚያከብር የለም። እኔም በሩን የተውኩት እግሬ ሲከዳኝ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግን ምንባብ በሚነበብበት ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጌ እተወው ነበር።