በር የከፈተውን ማን ጠየቀው?

ሰፈሩ ሁሉ «ካቻቢቴ» ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ወንድሟና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሃያ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪና ስትጠግን ኖራለች። የልብስ ሰፊ መኪና ክር መበጠስ ወይም መርፌ መስበር ሲጀምር «ኧረ ካቻቢቴን ጥሯት!» ይባላል፤ እሷም ያንን ከባድ የመሣሪያ ሳጥኗን አንጠልጥላ ከች ትላለች።

ያስመረራት ይኸው መንገዱ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሳጥኑ የሰው ቁርጭምጭሚት እየመታ ስንት ስድብ አስጠጥቷታል። ከከተማው ዳር ያሉ ሰፊዎች የጠሯት ቀንማ ግማሽ ቀኗ ጉዞ ላይ ያልቃል። ስለዚህ አርባ ሦስት ዓመት በሞላት በሳምንቱ ሞተር ሳይክል ማሰልጠኛ ሄዳ ተመዘገበች።

«በዚህ ዕድሜሽ?» አለ ታላቅ ወንድሟ አፉን ይዞ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ዕድሜ አይጠይቅም።»

ሜዳው ላይ ማንም አልደረሰባትም። ማሽን ማለት ለእሷ የእናት ቋንቋ ነው፤ በግራ እጇ የጨበጠችውን ፍሪሲዮን ቀስ አድርጋ ስትለቅ ሞተሩ የቱ ጋ እንደሚይዝ ጣቷ ራሱ ይነግራታል። አሰልጣኟ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ልበ ቅን ግን ጩኸታም ወጣት ነበር። ወደ አስፋልት ሲወጡ በሌላ ሞተር ከኋላዋ እየተከተለ ይጮህባታል፦ «ጠርዝ ይያዙ እትዬ! ጠርዙን! መኪናዎቹን አያናድዷቸው!» እሷም ጠርዙን ያዘች። በቆሙት መኪናዎች ጎን፣ ስፖኪዮአቸውን ልትነካ ጥቂት እስኪቀራት ድረስ ተጠግታ ነዳች።

አስፋልት ላይ በወጡ በሰባተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቆሙት መኪናዎች የአንዱ በር ድንገት ፊቷ ላይ ተከፈተ።

ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ሞተሩ በሩን መትቶ ወደ አንድ ወገን፣ እሷ ወደ ሌላው ወገን ተወረወሩ። የግራ አንጓዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ የትከሻዋ አጥንት ተሰነጠቀ። አስፋልቱ ላይ ተዘርራ ሰማዩን እያየች ሳለ ባለመኪናው ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ወጣ። የመጀመሪያ ቃሉ «ተጎዳሽ ወይ?» አልነበረም።

«በሬን!» አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ በሬን ምን አደረግሽው?»

የከበባት ሰውም ከእሱ አልተሻለም። አንዱ «ምን አስቸኮላት?» አለ፤ ሌላው «ድሮስ ሴትና ሞተር!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ባለመኪናውን አናገረና ጻፈ። እሷን አምቡላንስ ወስዷት ስለነበር የጠየቃት የለም። በኋላ ሪፖርቱ ሲደርሳት እንዲህ ይላል፦ «ተለማማጇ ሚዛኗን መጠበቅ ባለመቻሏ ከቆመ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጭታለች።» አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ በሦስተኛው ቆሽቷ አረረ።

እጇ በጄሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት ቤት ዋለች። ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ተረፍሽ» ይልና፣ ገና በወጉ ሳይቀመጥ «ግን ምን ነካሽ?» ብሎ ይጨምርበታል። አንድም ሰው፣ አንድ እንኳ፣ በሩን የከፈተው ሰውዬ ምን እንደነካው አልጠየቀም።

ወንድሟ በበኩሉ ትራሷን እያስተካከለላት «እግዜር ነው ያስጠነቀቀሽ» አላት።

«እግዜር የመኪና በር ሲከፍት አይተኸው ታውቃለህ?» አለችው። ወንድሟ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ጄሶው ሲወልቅ እጇ ቀጥኖ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። ፊዚዮቴራፒስቷ የጎማ ኳስ ሰጠቻትና ጠዋት ማታ ስትጨብጥ ስትለቅ ከረመች። እጁ ቀስ በቀስ ጉልበት ገዛ። ያልዳነው ሌላ ነገር ነበር። በእግሯ እየሄደች የቆሙ መኪናዎች ሰልፍ ስታይ ግራ መዳፏ ሳታዝዘው ይጨበጣል። አንድ ቀን አንዲት ሰፊ ቤት ተቀምጣ እየሠራች፣ ውጭ የታክሲ በር ድው ሲል ካቻቢቴዋ ከእጇ አምልጦ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ገባ። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል ይሉት ነገር ነው። መጀመሪያ አፈረች። ቆይቶ ግን ንዴት መጣባት፦ እሱ በሩን አሠርቶ ከተማውን እየዞረ፣ የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ?

በማግስቱ ማሰልጠኛው ሄደች። አሰልጣኙ ሲያያት ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ተሳቀቀ።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት እትዬ! እኔማ... ባለ ሦስት እግሩን ቢሞክሩትስ ብዬ አስቤ ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ ያን ቀን ምን እያልክ ነበር ስትጮህብኝ የነበረው?»

«ጠርዝ ይያዙ ብዬ...»

«ጠርዙ ላይ ምን አለ?»

«የቆመ መኪና።»

«የቆመ መኪና ምን አለው?»

አሰልጣኙ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። «በር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔንም እንደዚሁ ነው ያስተማሩኝ። ለፖሊሱም ‘ጠርዝ ያዢ ያልኳት እኔ ነኝ’ ማለት ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

ልትሰድበው አፏን ከፍታ ነበር። ግን ከአደጋው ወዲህ ጥፋት ያመነ የመጀመሪያው ሰው እሱ ስለሆነ፣ ስድቡን ዋጥ አደረገችው። «እንግዲያው ሁለታችንም እንደገና እንማራለን» አለችው።

መማሩ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያ ቀን ያልተነሣ ሞተር ላይ ተቀምጣ ከመዋል ሌላ ምንም አልሠራችም። ሞተሩ የተነሣ ቀን ደግሞ ያ ጣቷ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ጠፋባት፤ ፍሪሲዮኑን ዝም ብላ ስለምትለቀው ሞተሩ አምስት ጊዜ አከታትሎ ጠፋባት። ሄልሜቷን ሳታወልቅ አለቀሰች። አሰልጣኙ አልጮኸም። የግቢውን መኪና አመጣና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። እሷ ዕንባዋን ጠርጋ ከሳጥኗ ሜትር አወጣች፤ በሩ ሜዳው ላይ የሚይዘውን ቦታ ለካችና በኖራ አሰመረች። ሙሉ እርምጃ ነው፤ አሰልጣኙም እስከዚያች ቀን ድረስ ለክቶት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ሳምንታት ሙሉ ከዚያ መስመር ውጭ ብቻ ነዳች። አሰልጣኙ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሳይነግራት በሩን ብርግድ ያደርገዋል፤ እሷም ትደነግጣለች፣ ግን በሩ አይደርስባትም። ቀስ በቀስ ድንጋጤው አጠረ።

በዚህ መሐል ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ተመላለሰች። ፖሊሱ ፋይሉን ሳይወድ አወጣው።

«ጉዳዩ ተዘግቷል ወይዘሮ። ከዳኑ ወዲህ ምን ያደርግልዎታል?»

«ስሜ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው» አለችው። ፋይሉ ውስጥ የነበረውን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በጣቷ ጠቆመችው። «ይሄ የበሩ ማጠፊያ ነው። ከልኩ አልፎ ወደ ፊት ተጠምዟል። በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ውጭው ይጨረመት ነበር እንጂ ማጠፊያው እንዲህ ይሆናል? እኔ ኑሮዬ የተጣመመ ብረት ማየት ነው፤ አይሸውዱኝ።»

ፖሊሱ ፎቶውን አገላብጦ አየው። ከጎኑ የተቀመጠ ሽማግሌ የተሽከርካሪ መርማሪ መነጽሩን አስተካክሎ ተጠጋና «ልክ ናት» አለ። ያም ሆኖ ሦስት ጊዜ አመላለሷት። አሰልጣኙም በራሱ ፈቃድ ሄዶ ቃሉን ሰጠ። በመጨረሻ ሪፖርቱ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተጨመረች፦ «በግጭቱ ወቅት የተሽከርካሪው በር ክፍት ነበር።»

«ማን ከፈተው?» አለች ካቻቢቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ነፋስ ነው?»

«ይበቃል እንግዲህ ወይዘሮ» አላት ፖሊሱ። አልበቃትም። ዛሬም አልበቃትም።

ወደዚያው ጎዳና የተመለሱት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አሰልጣኙ ከኋላ፣ እሷ ከፊት፣ ከቆሙት መኪናዎች አንድ በር ያህል ርቃ። የደረሰችበትን መኪና ሁሉ መስተዋት እያየች፣ ውስጡ ጭንቅላት ይታይ እንደሆነ እየፈተሸች ታልፋለች። አንድ ባለመኪና ከኋላዋ ጡሩምባውን አምባረቀባት፤ አልፏት ሲሄድ ደግሞ አንገቱን አውጥቶ «ጠርዝ ያዢ!» ብሎ ጮኸ።

«ጠርዙን አንተው ያዘው!» ብላ መለሰችለት። ሄልሜቱ ውስጥ ስለነበር የሰማት የለም፤ መንገዷን ግን አለቀቀችም።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ወደቀች፤ የቆመ መኪና ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ አይታ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ በማለቷ። በሁለተኛው ግን ካለፉት ተፈታኞች አንዷ ነበረች። ወንድሟ መንጃ ፈቃዱን አገላብጦ አየና «ፎቶው ላይ የተቆጣሽ ትመስያለሽ» አላት።

«ተቆጥቼ ነው የተነሣሁት።»

የመጀመሪያ ሥራዋ ከከተማው ማዶ ነበር፤ አሥራ አንድ ማሽን ያለው፣ የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት። ድሮ ግማሽ ቀን የሚበላው መንገድ አርባ ደቂቃ ወሰደባት። ስትደርስ ፍሪሲዮኑን ለረጅም ጊዜ ከመጨበጧ የተነሣ አንጓዋ ይጠዘጥዛታል፤ ጎንበስ ብላ ጥቂት አሸችው። ሳጥኗን ከሞተሩ ኋላ ፈታች፣ ሄልሜቷን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና የመጀመሪያውን ማሽን ከፈተች። ቺንጋው ተበጥሶ በጨርቅ ቁራጭ ተቋጥሯል።

ሰፊዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ይሄን ማን ነው የነካካው?» አለች ካቻቢቴ፣ ቤቱን በሙሉ በዓይኗ እየዞረች።