ከበሩ ጀርባ ያለችው በርጩማ

አያቴ አጠገባቸው ላለ ሳያጎርሱ እህል አይቀምሱም ነበር። አቃቂ ያለው ትምህርት ቤታችን ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች ማሠልጠን ሲያስተምረን፣ አንዱን ቡችላ እንዳሳድገው ቤት አመጣሁት። ሰው ሲበላ ዝም ብሎ መተኛት መልመድ ነበረበት። አያቴ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ሥጋ ጣል አደረጉለት።

«አባባ፣ ከማዕድ ከለመደ ፈተናውን ይወድቃል» አልኳቸው።

«እሺ። ግን እያየኝ እህል አይወርድልኝም» አሉና ሳህናቸውን ይዘው ከበሩ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ራታቸውን የበሉት እዚያው ነው።

ባለፈው ወር አረፉ። ቡችላው ትናንት ፈተናውን አለፈ። ማታ ስንበላ ከጠረጴዛው ሥር ተኝቶ ቀና እንኳ አላለም። እኔ ግን በርጩማዋ እያየችኝ እህሉ አልወርድ አለኝ።